ጎበዝ ልጅን ማን ያየዋል? የክረምት አዳሪ ትምህርት ታሪክ

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ የምሠራበት ቤት የትልቋን ልጅ ሻንጣ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ደብተር። ማዳም ዝርዝሩን ከስልኳ እያነበበች ትነግረኛለች፤ እኔ እያጣጠፍኩ እከታለሁ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ገና ሳምንት አልሞላም። "የት ልትሄድ ነው?" ብዬ ብጠይቅ "ልትማር" አለችኝ። ትምህርት ተዘግቶ ደግሞ ምን ትምህርት? ወድቃ የምትደግም መስሎኝ በሆዴ አዘንኩላት። ለካ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፈተና አልፋ፣ ጎበዝ ናት ተብላ ተመርጣ፣ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረች ሒሳብ ልትማር ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም እኮ ስምንተኛ ክፍል ከሦስት ሴክሽን አንደኛ ወጥቼ ነበር። ሽልማቴ አንድ ደርዘን ደብተርና ጭብጨባ ነው። ክረምቱን ያሳለፍኩት እንደ ማንኛዋም ልጅ ጎመን ስኮተኩትና ውሃ ስቀዳ ነው። ከዚያ አሥረኛ ክፍል፣ ከዚያ ደላላ፣ ከዚያ እዚህ። ብዙዎቻችሁ ይህን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ አላስረዝመውም። ግን አንድ ጥያቄ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ጎበዝ ልጅን ለይቶ፣ ከቤቱ አውጥቶ፣ ክረምቱን እያሳደሩ ማስተማር የማን ሐሳብ ነው? ከየት መጣ? እነማን ይገቡበታል? በየዓርቡ ዕረፍቴ ያገኘሁትን ሳነብ ቆይቼ ነው ይህን የጻፍኩት።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። "ክረምት" የምለውም ትምህርት የሚዘጋበትን ወራት ነው። እነሱ ጋ ያን ጊዜ ፀሐይ ነው፣ እኛ ጋ ዝናብ። እኔ ግን የለመደ አፌ ክረምት ይላል።

ታሪኩን ከአንዲት ሴት ልጀምር። በ1968 ክረምት በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለልጆች የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጥ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ማሽን ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ጆሴፍ ቤትስ የሚባል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። የተሰጠውን ትምህርት ቶሎ ጨርሶ፣ ሥራ ሲፈታ በዕድሜ እጥፉ ለሚሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፕሮግራም አጻጻፍ ማሳየት ጀመረ። ይህን ያየችው ዶሪስ ሊድኪ የምትባል አስተማሪ ናት። አይታ ዝም ማለት ትችል ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው ብላ አመስግና፣ ክረምቱ ሲያልቅ ደህና ሁን ልትለው ትችል ነበር። እሷ ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወደሚሠራ ጁልያን ስታንሊ ወደሚባል ፕሮፌሰር ሄዳ "ይህን ልጅ እይልኝ" አለችው።

ስታንሊ የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ ሙያው ፈተናና ልኬት ነበር። ልጁን ተራ በተራ ፈተነው። ከፈተናዎቹ አንዱ ኤስኤቲ ነው፤ አሜሪካኖች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርሱ ሲሉ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወስዱት። የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ገቢዎች የበለጠ ውጤት አመጣ። ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በአካባቢው ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጠየቁ፤ ከፍ ያለውን ሒሳብና ሳይንስ አሁኑኑ ይማር ተባለ። "ይህ ቀልድ ነው" የሚል ዓይነት መልስ ነው የተገኘው። ሌላ በር ሲጠፋ በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተቀበለው። 17 ዓመት ሲሆነው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ወጣ።

ስታንሊን ያስገረመው የልጁ ጉብዝና ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ እንዴት ሳይታይ እንደኖረ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ልክ የተሰፋ ነው። አንድ ሜትር በሆነ ዱላ ልጆችን ብትለኪ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሆኑት ሁሉ እኩል ይመስላሉ። መቶ ከመቶ ያመጣችው ሁሉ "አንደኛ" ናት። ከመካከላቸው አንዷ ሁለት ሜትር ብትሆንስ? ዱላው አይናገርም። ስታንሊ ረዥሙን ዱላ ለትንንሾቹ አመጣ። በቃ፣ ዘዴው ይኸው ነው። በ1971 ጥናቱን ጀመረ። በመጋቢት 1972 ደግሞ ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 450 ያህል የባልቲሞር አካባቢ ልጆችን ሰብስቦ የትልልቆቹን ሒሳብ ፈተና ፈተናቸው። እንደ ቤትስ ያሉ ልጆች አንድ ሁለት አልነበሩም።

ግን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ምን ታደርጊያቸዋለሽ የሚለው ሌላ ነው። ሁሉም በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ አይገባ፤ ወላጅም አይፈቅድ፣ ልጁም ጓደኛ ያጣል። እዚህ ላይ ነው ክረምቱ የታሰበው። በ1979 ዩኒቨርሲቲው ለዚህ የሚሆን ራሱን የቻለ ቢሮ ከፈተ። በ1980 ክረምት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሜሪላንድ ውስጥ ሴንት ሜሪስ በሚባል ኮሌጅ ገብተው አደሩ። ሦስት ሳምንት፣ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ። ሒሳብ የመረጠ ከጠዋት እስከ ማታ ሒሳብ ነው። ከሰዓት ጨዋታና ስፖርት አለ፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ጥናት። የሚያድሩት ለዕረፍት የወጡ የኮሌጅ ተማሪዎች በለቀቁት ዶርም ነው። በየፎቁ አንድ ታላቅ የሚሆን ወጣት ይመደባል፤ መብራት አጥፉ የሚል፣ ናፍቆት የያዘውን የሚያባብል። በትምህርት ቤት የዓመት ትምህርት የሆነውን አንዳንዱ ልጅ በሦስቱ ሳምንት ጨርሶ ይወጣ ነበር። በዚያው 1980 በደቡብ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳዩን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በቺካጎ በኩል ኖርዝዌስተርን፣ በምዕራብ ደግሞ ዴንቨር ተከተሉ። አሜሪካ በአራት ተከፍላ ጎበዝ ልጅ የሚለቀምባት አገር ሆነች።

ስታንሊ የመጀመሪያው ነው ብዬ ግን አላሳስታችሁም። ከእሱ በፊት ሌሎች ነበሩ፤ አንዱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ታሪኩ የእኛን ቤት ይመስላልና።

አርኖልድ ሮስ ይባላል። በ1906 ቺካጎ ውስጥ ከዩክሬን ከመጡ ስደተኞች ተወለደ። አንድ ልጅ ነው። ቤቱን ሠርታ የምታስተዳድረው እናቱ ነበረች፤ የሰውነት ማሸትና ማከም ሥራ ነበራት። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው የዘመድ እርዳታ ፍለጋ ይዛው ወደ ኦዴሳ ተመለሰች። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ አብዮት መጣ፣ መመለሻው ተዘጋ። ልጁ ሒሳብ ሲወድ ያየ አጎት ነበረው። ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች አንዱን ለምኖ ልጁን በግል እንዲያስተምርለት አደረገ። ያኔ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ነበርና የአስተማሪው ክፍያ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የፈረንሳይ ከረሜላ ሆነ! ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ። ሮስ በኋላ ብቻውን ቺካጎ ተመልሶ፣ መጽሐፍ የሚጠረዝበት ቤት እየሠራ ተምሮ፣ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1957 ክረምት፣ ኖትር ዳም በሚባል ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። በ1964 ፕሮግራሙን ይዞ ኦሃዮ ስቴት ገባ። ስምንት ሳምንት እዚያው እያደሩ ስለ ቁጥሮች ብቻ ነው የሚማሩት። መርሁ ቀላልን ነገር በጥልቀት ማሰብ ነው። መልሱን አይነግርም፤ በየቀኑ የጥያቄ ወረቀት ያድላል፣ ልጆቹ እየተጣሉና እየተከራከሩ ራሳቸው ያገኙታል። ዘጠና ዓመት አልፎት እንኳ ያስተምር ነበር፤ በ2002 ነው የሞተው። ፕሮግራሙ አሁንም በስሙ አለ። ከረሜላው የት ድረስ እንደሄደ አያችሁ?

ሮስ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በጥቅምት 1957፣ ሩስያ ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ላከች። አሜሪካ ደነገጠች፤ ልጆቻችን በሳይንስ ተበለጡ ተብሎ የመንግሥት ገንዘብ ለክረምት ትምህርት ፈሰሰ። በ1963 ደግሞ የሰሜን ካሮላይና ገዢ ቴሪ ሳንፎርድ ከግዛቱ የተመረጡ 400 ያህል ልጆችን በአንድ ኮሌጅ አሳድሮ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፈተ፤ ክፍያ አልነበረውም። ከሒሳብና ሳይንስ ሌላ ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ ሥዕልም ነበረበት። ሌሎች ግዛቶች ይህን ቀድተዋል።

ሩስያዎችስ? እነሱ ያደረጉት ለእኔ የበለጠ ደስ ይላል። ሳይቤሪያ ውስጥ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ የሳይንቲስቶች ከተማ ሠርተው ነበር። ጎበዝ ልጅ ሞስኮ ብቻ አይወለድም አሉና፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ በጋዜጣ አትመው በተኑ። በየመንደሩ ያለ ልጅ ሠርቶ በፖስታ ይልካል። ጥሩ የሠሩት ለሚቀጥለው ዙር ይጠራሉ፤ ከዚያ ያለፉት በ1962 ክረምት በሳይንቲስቶቹ ከተማ ተሰብስበው ተማሩ። ከእነሱ መካከል የተመረጡት በዓመቱ በተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ቀሩ። ሞስኮም ኮልሞጎሮቭ የሚባለው ትልቅ የሒሳብ ሊቅ በ1963 እንዲሁ አደረገ፤ ክረምት አሳድሮ አይቶ፣ ከዚያ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ መረጠ። አንዲት የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ጋዜጣ ደርሷት በሻማ ጥያቄ ስትሠራ ይታየኛል። ለመፈተን ብር አላወጣችም፤ ያስፈለጋት ቴምብር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባልቲሞር ልመለስና ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እኛን ሴቶቹን ይመለከታልና።

በ1972ቱ ፈተና ከፍተኛውን የሒሳብ ውጤት ያመጡት ወንዶች ነበሩ። ከሴቶቹ አንደኛ የሆነችው እንኳ ከብዙ ወንዶች በታች ነበረች። ከስታንሊ ጋር የምትሠራ ሊን ፎክስ የምትባል ተመራማሪ ግን ዝም ብላ አልተቀበለችውም። በ1973 ሃያ ከምናምን የሰባተኛ ክፍል ሴቶች ልጆችን ብቻ ሰብስባ የክረምት የአልጀብራ ክፍል ከፈተች። አዳር የለውም፤ እየመጡ የሚመለሱበት ነው። አስተማሪዎቹ ሴቶች ሆኑ። ጥያቄዎቹ ሰው ሰው እንዲሸቱ ተደረገ። ውድድሩ ቀርቶ እየተጋገዙ እንዲሠሩ ሆነ። ልጆቹ ተማሩ፤ ብዙዎቹም አልጀብራውን ጨርሰው ወጡ። ፎክስ ያስተዋለችው ሌላም ነገር አለ። ሴቶቹ ልጆች ክፍል ዘለሽ ግቢ ሲባሉ እምቢ የሚሉት አቅቷቸው ሳይሆን ጓደኞቼ ይርቁኛል ብለው ፈርተው ነበር። ይሄ ፍርሃት አዲስ አይደለም። "ይቺ ደግሞ ራሷን ከፍ አደረገች" መባልን የማታውቅ አለች?

በ1980 ካሚላ ቤንቦ የምትባል ተመራማሪና ስታንሊ በአንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጥናት አወጡ። ወንዶችና ሴቶች ልጆች በትምህርት ቤት እኩል ሒሳብ ተምረው እንኳ በዚህ ፈተና ወንዶቹ ይበልጣሉ፤ ምናልባት ከፊሉ የተፈጥሮ ይሆናል አሉ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። በ1983 ደግሞ ቁጥሩን አወጡት፦ 13 ዓመት ሳይሞላቸው ከ800ው 700 እና ከዚያ በላይ ካመጡ ልጆች መካከል ለአንዲት ሴት 13 ወንዶች። ስንት እናት ይህን አንብባ ልጇን "ተይው፣ ለሴት አይሆንም" ብላት ይሆን?

አሁን የቁጥሩን መጨረሻ ስሙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያው ፈተና፣ ያው ዕድሜ፣ ለአንዲት ሴት አራት ወንዶች ያህል ሆነ። ከ13 ወደ 4፣ በአሥር ዓመት ገደማ። የሴት ልጅ አፈጣጠር በአሥር ዓመት አይለወጥም። በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው ስንት ልጃገረድ ሒሳብ ቀጥይ እንደተባለች፣ ስንቷ ለፈተናው እንደተላከች ነው፤ እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ለምን እንደሆነ ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ። አራቱም ቢሆን አራት ነው። ግን አሥራ ሦስት ተፈጥሮ ነው ያለን ሰው ከእንግዲህ ማን ያምነዋል?

እዚሁ ቅርባችን ካለች አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኢራናዊቷ መርየም ሚርዛኻኒ በ2014 ፊልድስ የሚባለውን ትልቁን የሒሳብ ሽልማት አገኘች፤ ከሴት የመጀመሪያዋ ናት። ቴህራን ውስጥ ለጎበዝ ሴቶች ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። ከጓደኛዋ ጋር ሆነው የወንዶቹ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዓይነት የሒሳብ ልምምድ ለእኛም ይሰጠን ብለው ርዕሰ መምህርቷን ጠየቁ። ርዕሰ መምህርቷ ከዚያ በፊት ያገሩን የኦሊምፒያድ ቡድን የገባች ሴት የለችም ብላ አልመለሰቻቸውም፤ ትምህርቱ እንዲሰጥ አደረገች። በ1994 ሁለቱም ቡድኑን ገቡ። በዚያው ዓመት መርየም በሻሪፍ ዩኒቨርሲቲ ለጎበዝ ተማሪዎች በተዘጋጀ የክረምት ስብሰባ ላይ አስተማሪው የጣለውን ጥያቄ ፈትታ፣ ገና ተማሪ ሳለች ከእሱ ጋር ጥናት አሳተመች። ካንሰር በ40 ዓመቷ ወሰዳት።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ። የባልቲሞሩ ፕሮግራም ዛሬ ለሦስት ሳምንት አዳር ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። የነፃ ዕድል አለ፤ ግን ነፃ ዕድል እንዳለ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ያው ያለው ሰው ነው። የዱክ ፕሮግራም ከ40 ዓመት በኋላ በኮሮና ጊዜ ተዘጋ። አሜሪካኖች ራሳቸው ይህን ሲነቅፉ ኖረዋል፦ ጎበዝ ልጅ ፈለግን ብለን ሀብታም ልጅ ሰበሰብን እያሉ። በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን በሌላ በኩል የተጀመረ አለ፤ አፕዋርድ ባውንድ ይሉታል። ለድሃ ልጆች ነው፤ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ለሌላቸው። እነሱም ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ይማራሉ፤ መንግሥት ይከፍላል። እስከ ዛሬ አለ። እኔ ከሁለቱ የቱን ትመርጫለሽ ብባል መልሴን ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ስታነቡ "የፈረንጅ ነገር" ትሉ ይሆናል። ጎበዝ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ እያደረ መማር ግን ለእኛ ብርቅ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ምንድነው ታዲያ? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ለምኖ እየበላ፣ ቅኔ ለመማር ከአገር አገር የሚዞር። መምህሩ ጎበዙን ለይቶ ያውቀዋል፤ ለታናናሾቹ አስቀጽል ይለዋል። ግን ወንድ ነው። ሴት ልጅ በዚያ መንገድ አትወጣም። በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔውን የቀሰሙት ከቤት ነው፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ። በኋላ ወንዶቹ ወደ እሳቸው መጥተው ተማሩ። አባታቸው ገበሬ ቢሆኑስ ኖሮ?

በንጉሡ ዘመን ደግሞ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ አሥራ አንደኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት ያለፉትን ሰብስቦ አሥራ ሁለተኛን ያስተምር ነበር። የዚያን ትውልድ ምሁራን ሲያወሩ ስሙን አሁንም በኩራት ሲጠሩት ትሰማላችሁ። ክረምት ሳይሆን ሙሉ ዓመት ነው፤ ግን ሐሳቡ ያው ነው፤ ከያለበት መልቀም።

የዛሬውን ለምትጠይቁኝ፣ አዲስኮደር የሚባል አለ። በ2011 የጀመረው ጀላኒ ኔልሰን ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፤ እሱ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ በካሪቢያን ደሴት አደገ። ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን እንደጨረሰ፣ በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ሄዶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረ። ዛሬ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ፕሮግራሙ አራት ሳምንት ነው፤ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ልጆች ነበር፤ ኋላ ከየክልሉ የሚመጡ ተጨመሩ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንድ መስመር ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ከመቶዎች በላይ አልፈውበታል፤ ከእነሱ መካከል ሃርቫርድና ኤምአይቲ የደረሱ አሉ። ከዚህ ሌላ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ያሉ የስቴም ማዕከላት በክረምት የአካባቢያቸውን ተማሪዎች ይቀበላሉ።

እነዚህን የምዘረዝረው በከንቱ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ "ልጄ አንደኛ ወጣች" የሚል ወሬ አይጠፋም። እልል እንላለን፤ ከዚያ ስልክ እንልክላታለን። እኔም ልኬያለሁ። ግን ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር አንድ ቀን ደውለን "ለክረምት የሚጠራ ፈተና አለ ወይ? ልጄ ትፈተንልኝ" ያልን ስንት ነን? እናት ሩቅ ስትሆን ልጅን የሚያይ ሰው ይቀንሳል። አያት ትወዳለች፣ ታበላለች፤ ግን የማመልከቻ ቀን አታውቅም። እዚህ አገር እንኳ ሳዑዲዎቹ በ1999 መውሂባ የሚባል ድርጅት አቋቁመው በየዓመቱ ልጆቻቸውን ፈትነው ይለያሉ፤ ወንዱንም ሴቱንም በክረምት ዩኒቨርሲቲ ያስገባሉ። መውሂባ ተሰጥዖ ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልተረጉምም።

ሻንጣዋን ያዘጋጀሁላት ልጅ ተመልሳ መጣች። ከስታ ነበር፤ ምግቡ አልተስማማኝም አለች። ልብሱን ሳጥብ እሷ ወጥ ቤት መጥታ ተቀመጠችና ስለ ጓደኞቿ አወራችኝ። ደብተሯን ከፍታ አንድ ገጽ አሳየችኝ። አንድን ውሰጂ። ሦስት ጨምሪበት፣ አራት ይሆናል። አምስት ጨምሪ፣ ዘጠኝ። ሰባት ጨምሪ፣ አሥራ ስድስት። ሁሌም አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚመጣ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ አራት ጊዜ አራት። "ለምን?" አለችኝ። መልሱን አልነገረችኝም፤ እነሱንም አልነገሯቸውም ነበር።

አስፈቅጃት ገጹን ፎቶ አነሳሁና በኢሞ ለልጄ ላክሁት። ልጄ ደሴ አያቷ ጋ ነው ያለችው፤ ዘንድሮ ሰባተኛን ጨረሰች። "ለምን እንደሆነ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ እኔም አላውቅም" ብዬ ድምፅ ቀዳሁላት። ሦስት ቀን ዝም አለች። መስመር የለም ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ላይ ፎቶ መጣ። ሰፌድ ላይ ሽምብራ ተደርድሯል። አንዷ ጥግ ላይ፤ ሦስቱ በሁለት ጎኗ ከበዋታል፤ አምስቱ እነሱን ከበዋል፤ ሰባቱ ደግሞ እነሱን። በየጊዜው የተጨመረው ከፊተኛው በሁለት ይበልጣል፤ ጥጉን ስለሚዞር። የተደረደረው ከየትም በኩል ብትቆጥሪው እኩል ነው። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። "እማዬ፣ ገባኝ! ግን እስከ ስንት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ፈልጌ ሽምብራው አለቀብኝ፤ እማማ ደግሞ ለሽሮ ያስቀመጥኩት ነው ብላ ተቆጣችኝ።"

ማክሰኞ ለትምህርት ቤቷ ደወልኩ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሐሙስ እደውላለሁ።